ጥጉ የተቆረጠው ፓስፖርት

ሰው በቅናት ይታመማል ሲባል ሰምታችሁ ካላመናችሁ፣ ደሴ ብቅ በሉና ሰኞ ገበያ ያለችውን ፎቶ ቤቴን ጠይቁ። በሽተኛው እኔ ነኝ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው። ጎን ለጎን ኮፒ አደርጋለሁ፣ በኮምፒውተር ፎርም እሞላለሁ። በዚህ ከተማ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው፣ አላህን ከለመነ በኋላ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ወንበሬ ላይ አስቀምጠውና «አገጭዎን ቀና፣ ትከሻዎን ለቀቅ፣ እንዳይስቁ» እለዋለሁ። እንዳይስቁ የምለው የቪዛ ፎቶ ደንብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እኔን እዚህ ጥሎኝ እየሄደ ጭራሽ ፊት ለፊቴ እንዲስቅብኝ ስለማልፈልግም ነው።

የስንቱን ፊት አውሮፕላን እንዳሳፈርኩ እኔና ካሜራዬ ብቻ እናውቃለን። የራሴ ፊት ግን አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ በር አላለፈም። ከጎረቤቴ ከከማል ጋር እኩል ነበር ያመለከትነው። ከማል አብሮ አደጌ ነው፤ ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። የትምህርት ዕድሉን ሁለታችንም አገኘን፣ ለተማሪ ቪዛ ሁለታችንም ቀረብን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ሁለታችንንም አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «ስትጨርስ ወደ አገርህ ትመለሳለህ?» ከማል «እናቴ ትጠብቀኛለች» አላት። እኔ ግን «ተመልሼ ምን ልሠራ!» አልኳት።

እናት እኮ እኔም አለችኝ። እንዲያውም የእኔ እናት ከሱ እናት ይልቅ መጠበቅ ትወዳለች፤ ከሱቅ እንኳ ትንሽ ከቆየሁ በር ላይ ናት። ነገር ግን በሰዓቱ ትዝ አላለችኝም። እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። የሄደበትን አገር ስም እዚህ አልጠራም። ስሟን በጠራሁ ቁጥር ማስታወቂያ የምሠራላት ይመስለኛል፤ እሷ ደግሞ እኔን አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ ሞክሬ ደጋግመው ከልክለውኛል። የሚገርመው ሰፈሩ ይህን እንደ ልምድ ቆጠረልኝ። ብዙ የታመመ ሰው መድኃኒት አዋቂ እንደሚባለው፣ እኔም የቪዛ አዋቂ ተባልኩ። «ኤምባሲ የሚያውቅ ሰው እሱ ነው፤ ያልተከለከለበት ዓይነት የለም» ይላሉ ሲያስተዋውቁኝ።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ከማል ለእህቱ ሰርግ መጣ። መምጣቱ ባልከፋ። የከፋው አቀባበሉ ነው። የእኔ እናት፣ የወለደችኝ፣ ለእኔ «ለጉንፋን ይቀመጥ» ብላ የከለከለችኝን ማር በሣህን አድርጋ ወሰደችለት። ከስቶ ነበር የመጣው። እሱ ሲከሳ «ትምህርቱ በልቶት ነው፣ ማሻአላህ» ተባለ። እኔ የከሳሁ ጊዜ ግን «ይሄ ልጅ ሐኪም ይየው» ነበር የተባለው። ገና ሳይመረቅ ዶክተር ይሉታል። አንድ ቀን ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ሁላችንም ተኮማትረን ቆመን ሳለ፣ ከማል በሸሚዝ ብቻ ወጣና «ይሄ ብርድ ነው እንዴ?» አለ። ያለን ነገር ብርድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ናቀብን።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የረውዳን ነገር ነው።

ረውዳ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ትኖራለች። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠዋት የደሴን ብርድ ፈርታ ሹራብ ለብሳ ትወርዳለች፣ ማታ ኮምቦልቻ አሙቋት ሹራቧን ክንዷ ላይ ጥላ ትመለሳለች። እወዳታለሁ። አልነገርኳትም እንጂ እወዳታለሁ። ፎቶዋን ስሠራ ከሌላው ሰው ይልቅ እጠነቀቅ ስለነበር፣ ይሄ ይገባታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

እሷም ብትሆን ትወደኛለች ለማለት ማስረጃ ነበረኝ። ከማል ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ፎቶ ልትነሳ መጣች። «ጀርባው ነጭ ይሁን፣ ጥላ እንዳይኖረው፣ ፊቴ ሙሉ በሙሉ ይታይ» አለችኝ። «ለምንድነው?» ስላት «ለሥራ ነው» አለች። ካሜራውን ደግኜ «እንዳትስቂ» ስላት ሳቀች፤ ፎቶው ተበላሸ። ድገመኝ አለች፤ ደገምኳት፤ ሳቀች። በሌላ ቀን መጣችና ጥላ አለው ብላ እንደገና ተነሳች። መጠኑ ትንሽ አንሷል ብላ ደግሞ ተመለሰች። እስቲ ፍረዱኝ፤ አንዲት ልጅ ፎቶው አልወጣልኝም እያለች አንድ ፎቶ ቤት የምትመላለሰው ምን ፈልጋ ነው? እናንተም ብትሆኑ እኔ ያልኩትን ትሉ ነበር።

ከማል ሲመጣ ግን ረውዳ ፎቶ ቤቴን ረሳችው። ከሥራ ስትመለስ እሱ ደጃፍ ላይ ትቆምና በዝግታ ታወራዋለች። እሱ በእጁ እያሳየ ያስረዳታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሹክሹክታቸውን ለመስማት ትንፋሼን ስለማቆም፣ እናቴ ልጄን ምን ያዘው ብላ ደነገጠች። አንድ ቃል አልሰማሁም። ምን እንደሚያወሩ ግን ገባኝ፤ ለቅናተኛ ሰው መስማት ምን ያደርግለታል?

ነገሩ የተበላሸው ከማል ፓስፖርቱን ባሳደሰ ጊዜ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ስለነበር እዚሁ አሳደሰና አዲሱን ተቀበለ፤ አሮጌውንም ጥጉን በመቀስ ቆርጠው መለሱለት። ቪዛው ያለው ደግሞ አሮጌው ላይ ነው። ከአባቱ ከጋሽ ይመር ጋር ሆነው ፎቶ ቤቴ መጡ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር።

«ቪዛዬ ጊዜው ገና ነው» አለ ከማል። «ግን ያለው በተቆረጠው ላይ ነው። በዚሁ መመለስ እችላለሁ ወይስ አዲስ ማውጣት አለብኝ? ለትምህርት ቤቱ ጽፌላቸው ዕረፍት ላይ ናቸው፣ አልመለሱልኝም። አንተ ታውቃለህ።»

«እሱ ያውቃል» አሉ ጋሽ ይመር። «ስንቴ ከልክለውት!»

ፓስፖርቱን ተቀበልኩ። ቪዛው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። ያብለጨልጫል። መሃሉ ላይ የከማል ፎቶ ኮስተር ብሎ ያየኛል። ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አገጩን ቀና ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከፎቶው ጀርባ ረውዳ ስትስቅ የታየችኝ መሰለኝ። ደንቡን አላውቀውም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በእኔ ፓስፖርት ላይ ቪዛ ተለጥፎ ስለማያውቅ የሚያሳስብ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ዝም ብዬ «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ምላሴ ግን ቀደመችኝ።

«ቪዛ ማለት ተከራይ ነው» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ፓስፖርት ቤት ነው። ቤቱ ከፈረሰ ተከራዩ የት ይገባል?»

አንድ ሰውዬ ከወረፋው መሃል «እውቀት እንዲህ ነው!» አለ። ከማል ፊቱ ዳመነ። አዲስ ቪዛ ለማውጣት የቀጠሮው ወረፋ ረጅም ነው፤ እሱ እስኪደርሰው ትምህርቱ ይጀመራል፤ በጊዜው ካልተገኘ ደግሞ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል። የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋት እኔ በአንድ ተከራይ አባረርኩት። ከማል ግን ያለው «ስለነገርከኝ አላህ ይስጥልኝ» ብቻ ነው። የዚያን ቀን ራቴን በደንብ በላሁ። እናቴም እጀ ሰብ ነክቶታል ብላ የሰጋችለት ልጇ የተሻለው መስሏት ደስ አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከሰኞ ገበያ ተነስቶ ፒያሳ ደርሶ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ተመለሰ። «የይመር ልጅ ቪዛው ሞተበት።» ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሁሉ ነበሩ። በነጋታው ጠዋት እናቴ ቁርስ እያቀረበችልኝ ዜናውን አመጣችው።

«ይመር እንኳ ኸይር ነው ብሎታል» አለች። «ድሮም ልጁ ባሕር ማዶ እንዲቀር አይፈልግም። ከቀረ አይቀር ይዳር ብሏል። ጁምዓ ሽማግሌ ሊልክ ነው።»

«ለማን?» አልኩ። ያነሳሁትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ለረውዳ ነዋ! ሲያወሩ አታያቸውም? ሸጋ ልጅ ናት። ፎቶውን አንተ ታነሳለህ ብለዋል፤ ለጓደኛህ አይደል?»

ወገኖቼ፣ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለውን ተረት ሰምቼ አድጌያለሁ። የሰደድኩት እንጨት ዞሮ የራሴ ቁስል ላይ ይገባል ያለኝ ግን አልነበረም። ከማልን ከአገር እንዳይወጣ ያደረግኩት እኔ! ረውዳ ደጃፍ ላይ ያቆምኩት እኔ! ሙሽሮቹን «ጠጋ በሉ፣ እጇን ያዝ አድርጋት» የምለውም እኔ! የቪዛ ፎቶ ባለመሆኑ ደግሞ አትሳቁ ማለት አልችልም።

ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ላይ ተጣበቅኩ። የኤምባሲውን ድረ ገጽ ከፈትኩ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ኔትዎርክ ጠፋ፣ መጣ። መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ። ቪዛው ጊዜው ካላለፈ፣ ተማሪው ያንኑ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚመለስ ከሆነና የትምህርት ቤቱ ወረቀት ከተሟላ፣ በአሮጌው ፓስፖርት ላይ ባለው ቪዛ ይመለሳል። ሁለቱንም ፓስፖርት አብሮ መያዝ ብቻ ነው። አዲስ ቪዛ የሚያስፈልገው የቪዛው ጊዜ ካለፈ፣ ወይም ቪዛው ያለበት ገጽ ከተቀደደ ወይም ከተበላሸ ነው። ተከራዩ ቤቱ ፈርሶም ይኖራል ማለት ነው! እኔ የከማል ቪዛ በሕይወት መኖሩን ሳውቅ የጮህኩትን ጩኸት፣ የራሴ ቪዛ ቢመጣ እንኳ የምጮኸው አይመስለኝም።

ሮጬ ጋሽ ይመር ጋር ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው! ከማል መሄድ ይችላል! ቪዛው ደህና ነው!»

አንገቴን አቅፈው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። «አብሽር ልጄ» አሉ። «ለጓደኛህ አዝነህ ነው። አንጀትህ አልችል ብሎህ ነው። እሱም ያልፍለታል፣ አንተም አትጎዳ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ኮምፒውተር ላይ አንብቤ ነው!»

«ኮምፒውተር ምን የማይል አለ ብለህ ነው?»

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ማለት ይሄ ነው። ሐሰቴን በአንድ ተከራይ ያመነ ሰፈር፣ እውነቴን በስንት ማስረጃ ሊሰማኝ አልፈለገም። ወደ ጓዳ ዘልቄ ከማልን አገኘሁት። እሱም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ልታጽናናኝ እንደሆነ ይገባኛል» አለ። ስልኬን አፍንጫው ላይ ደቀንኩበት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ዓይኑ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

«አሮጌው ፓስፖርት እኮ የለም» አለ። «እማዬ ይዛው ሄደች። ገራዶ።»

እናቱ እትዬ ዘሀራ እንደ አባቱ አይደሉም። ልጃቸው እንዲጨርስ ነው የሚፈልጉት። ቪዛው ሞተ ሲባል እንደ ሌላው ሰው ለቅሶ አልተቀመጡም። ሁለቱንም ፓስፖርት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከከተማው ወጣ ወዳለው ገራዶ፣ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ዱዓ ሊያስደርጉለት ሄዱ። በእኛ አገር የሚለምነው ሐጃ ያለው ሰው ባዶ እጁን ዱዓ አይቀመጥም። ላሙ የታመመችበት ገመዷን ይዞ ይሄዳል፣ መኪና የገዛ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ሼሁ ዱዓ ያደርጉበታል፤ በመጨረሻም ቁርአን የተቀራበት ውሃ ይረጩበታል።

ውሃ!

«የተበላሸ ገጽ» የሚለው ቃል ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ቪዛው የታተመው በቀለም ነው። እኔ የፎቶ ሰው ነኝ፤ ቀለምና ውሃ ሲገናኙ የሚሆነውን አውቃለሁ። ከማልን ጎትቼ ባጃጅ ውስጥ ከተትኩት። ሹፌሩን «ፍጠን!» አልኩት። «ሰው ታሞ ነው?» አለኝ። «ቪዛ ነው» አልኩት። እሱም ወሬውን ቀድሞ ሰምቶት ኖሮ «ሞቷል አይደል እንዴ?» ብሎ ዞሮ አየኝ። «አልሞተም፣ ሊገሉት ነው!» አልኩት። በዚያ ጭቃ ላይ እንዲያ የበረረ ባጃጅ ደሴ አይታ አታውቅም። ከማል መያዣውን ጨብጦ «አላህ! አላህ!» ይላል። እኔ ግን በልቤ ያለችው ጁምዓ ናት።

ስንደርስ ዱዓው ሊያበቃ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ሼህ እንድሪስ መሃል ላይ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው የውሃ ፓምፕ ቁልፍ፣ የላም ገመድ፣ በጠርሙስ ጥቁር አዝሙድና የከማል ሁለት ፓስፖርቶች ተደርድረዋል። እትዬ ዘሀራ ዱዓው በደንብ እንዲገባበት ብለው አሮጌውን ልክ ቪዛው ላይ ገልጠው አስቀምጠውታል። ሼሁ ማንቆርቆሪያውን ይዘዋል። ውሃውን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው የፓምፑን ቁልፍ ረጩ። «አሚን!» ገመዱን ረጩ። «አሚን!» መዳፋቸውን ሞልተው ወደ ፓስፖርቱ ዞሩ።

«እንዳይረጩት!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ የእኔ ነበር። የሰው ጉልበት ላይ እየተራመድኩ፣ «አፉ በሉኝ፣ አፉ በሉኝ» እያልኩ ዘለልኩ። ምንጣፉ አዳለጠኝና ፓስፖርቱ ላይ በደረቴ ተደፋሁበት። ሼሁ ደንግጠው ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው አመለጠ። ውሃው ሁሉ ከአናቴ ጀምሮ እስከ ወገቤ ፈሰሰ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ በልማድ «አሚን» አሉ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ ሼሁ።

«የጎረቤቴ ልጅ ነው» አሉ እትዬ ዘሀራ በእፍረት። «የልጄ ጓደኛ። ያ ቪዛ አዋቂው።»

ከሥሬ ፓስፖርቱን በጥንቃቄ አወጣሁት። ደረቅ ነው። ውሃ እየተንጠባጠበብኝ አስረዳሁ፤ ቪዛው እንዳልሞተ፣ ተሳስቼ እንደተናገርኩ፣ ልጁ በዚሁ ሊመለስ እንደሚችል፣ ገጹ ግን ከረጠበ እንደሚበላሽ። ሼህ እንድሪስ እስክጨርስ አተኩረው አዩኝ። የሚያዩት እርጥብ ሸሚዜን አልነበረም። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ውሃውስ አልተሳሳተም» አሉ። «የታመመውን አግኝቷል።»

እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ሰው ግን አልገባውም፤ ሳቀ።

«በል እንግዲህ» አሉ ሼሁ። «ውሃው ላንተ ከፈሰሰ ዱዓውም ያንተ ነው። ሐጃህን ተናገር።»

ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ አፌን ይጠብቃል። በልቤ ያለችው ረውዳ ናት፤ በሸንጎ መሃል ስሟን እንዴት ልጥራ? የቀረኝ እውነት አንድ ብቻ ነበር።

«ከማል ቶሎ እንዲሄድ» አልኩ።

«አሚን!» ቤቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘሀራ እያለቀሱ እርጥብ አናቴን ሳሙኝ። «ለራሱ ተከልክሎ ለጓደኛው የሚለምን! እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን የት ይገኛል?» ከማልም አቀፈኝ። እኔ ውሃው ስለሸፈነልኝ ማልቀሴ አልታወቀም። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ልመና በዚያች ቀን ነው የገባኝ። ከማል ምቀኛ ባይኖረው ቪዛው ታጥቦ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱም መለሰ፤ ያለው እኔ ያነበብኩትን ነው። ጋሽ ይመር ትንሽ አኮረፉና «አላህ ያለው ነው» ብለው ሽማግሌውን ተዉት። የከማልን ሻንጣ ከደሴ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሰው ለማገዝ ሲጠጋኝ አልሰጥም አልኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተሸከምኩት ሸክም የለም። ረውዳም ከፋብሪካዋ አስፈቅዳ ልትሰናበተው መጣች። ከማል ሁለቱን ፓስፖርቶች በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሁላችንንም ስሞ ገባ። አውሮፕላኑ ተነስቶ ተራራው ጀርባ እስኪጠፋ እጄን አወዛወዝኩ። ደግ ሰው እመስል ነበር።

ቤተሰቡ ወደ መኪናው ሲሄድ እኔና ረውዳ ወደ ኋላ ቀረት አልን። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ይበሳል። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ረውዳ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«እኔም አለኝ» አለች። ቦርሳዋን ከፈተችና ፓስፖርት አውጥታ ሰጠችኝ። «ግለጠው።»

ገለጥኩት። ያብለጨልጫል። መሃሉ ላይ ረውዳ ኮስተር ብላ ታየኛለች። ጀርባው ነጭ፣ ጥላ የሌለው፣ መጠኑ ልክ የሆነ፣ በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ። የተማሪ ቪዛ። ለዚያችው ስሟን ለማልጠራት አገር።

«ፎቶው ላይ አንድ ጥያቄ አላነሱብኝም» አለች ደስ ብሏት።

«ለሥራ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«እማዬ ነች። ሳይጨበጥ እንዳትናገሪ፣ ምቀኛ ይሰማል ብላ አስማለችኝ። ለከማል ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሱ አገሩን ስለሚያውቀው ማታ ማታ እየጠየቅኩት።» ሳቅ አለች። «አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የከማልን ነገር ያወቅከው አንተ ነህ። ለዕረፍት ብመጣ በዚሁ ቪዛ መመለስ እችላለሁ?»

ስለ ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላውቅ አልመለስኩም። ገጹን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ መስመር በመስመር አነበብኩ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከመጣች አዲስ ሳታወጣ አትመለስም፤ ያንን ፈርታ ደግሞ ላትመጣ ትችላለች። ብዙ ጊዜ መግባት ይፈቅዳል ይላል።

«ትችያለሽ» አልኳት። «ጊዜው እስካላለፈ መጥተሽ መመለስ ትችያለሽ። ለመምጣት ደግሞ ምንም አያግድሽም፣ አገርሽ ነው። ካለፈ ግን እዚህ ሳታድሺ መመለስ የለም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነይ።»

«አንተስ ልትነግረኝ የነበረው?»

«ውሃ እንዳይነካው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለች። «ሌላም ካለ ስመጣ ትነግረኛለህ።»

ሄደች። ከማል በተቆረጠው ፓስፖርት በሰላም ገብቷል፤ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ሁለቱንም አገላብጦ አይቶ አሳለፈኝ ብሎ ደወለ። እሷም ደርሳለች። ያቺ አገር መጀመሪያ እኔን ከለከለችኝ፣ ቀጥላ ጓደኛዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ረውዳን። ሦስታችንንም አንድ ላይ ብትወስደን ምን ነበረበት? ፎቶ ቤቴ ግን እንደ ድሮው ይሠራል። «ልጄ ለዕረፍት ቢመጣ መመለስ ይችላል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወላጆች በዝተዋል። ስለ ተከራይ ማውራት ትቻለሁ። ጊዜውን አይቼ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አይቼ ነው የምመልሰው። ረውዳ የተነሳቻቸው፣ ስቃባቸው ለቪዛ ያልሆኑት ፎቶዎች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ኮስተር ያለችውን ያቺ አገር ትያዛት።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከመሄዷ በፊት «ትመለሻለሽ ወይ ብለው ጠየቁሽ?» ብያት ነበር።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«የሚጠብቀኝ ሰው አለ አልኳቸው» አለችኝ፤ እንደ ፎቶዋ ኮስተር ብላ።

ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማንም ይሁን ማን፣ ከወዲሁ ቀንቼበታለሁ።